ሰጋቱራ አልቸገረንም

ይድረስ ለወንድሜ ለሰውአገኝ፤ የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይድረሰውና አለን።

የላክህልን የሰጋቱራ ምድጃ ሸጋ ናት። ጧት ጧት አመዷን ጠርጌ፣ መሐሏ ጠርሙስ አቁሜ ዙሪያውን ሰጋቱራ እጠቀጥቃለሁ። ማክሰኞ እዚህ ማራኪ ሰፈር ሲተኮስ ጥይት ግድግዳውን በስቶ ጎኗን ቀደዳት፤ በጭቃ መረግሁት። ሰጋቱራ እንደሆነ አልቸገረንም፤ አናጢው አያ ዳኛው አልጋ መሥራት ትተው ሬሳ ሣጥን ብቻ ስለሚሠሩ ሞልቷል።

ታናሻችን ታሪኩ ጠመንጃ ይዞ ከወጣ ወዲህ፣ ከአያ ዳኛው ዘንድ ስመለስ እማዬ የሣጥኖቹን ርዝመት ትጠይቀኛለች። የታሪኩን ቁመት ታውቃለህ። "ሁሉም አጫጭር ናቸው" እላታለሁ። ዛሬም እንዲሁ አልኳት፤ እጄ ግን ከአንድ ረጅም ሣጥን ሥር ያፈስሁትን ሰጋቱራ መጠቅጠቅ እምቢ አለኝ።

ሁላችንንም በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እህትህ የትነበርሽ