ሐይቅ ላይ የሰመጠችው ቀስተኛሽ

ሰርኬ፣

ጨዋታ መሪያችን ወንዱ ቀስተኛሽን ገደላት! ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ተቀምጠን ዳይስ እየወረወርን የጀግኖቻችንን ተረት ስንጫወት፣ «ሰርካለም ስለቀረች ጀግናዋን ዘንዶው ይዟት ሰመጠ» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሳት። ስንት ዓመት ያሳደግሻትን! አዲስ አበባ አንቺ ቤት ስንጫወት ሰው ከቀረ ጀግናው ይተኛል እንጂ ይሞታል እንዴ? ይኼ ሰውዬ ያንን የውጭ ተከታታይ ፊልም ካየ ወዲህ ሰው ካልገደለ ጨዋታ የመራ አይመስለውም።

«ሰርካለምን አስምጠህ ገደልካት!» ብዬ ስጮህበት፣ የዓሣ ቤቷ ባለቤት እትዬ ኑርሀያት «ኢናሊላሂ!» ብለው መጥበሻቸውን ጥለው መጡ። «አብሽሩ ልጆቼ፣ የት ጋ ነው የሰመጠችው?» ሲሉ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው። ጨዋታ መሆኑን ስነግራቸው ወንዱ ሳቀ። እሳቸው ግን ዓሣውን ከፊታችን አነሱት።

«በጨዋታም ቢሆን፣ ጓደኛችሁ ሰምጣ ሬሳዋ ሳይወጣ ትበላላችሁ?»

ወንዱ አፍሮ ሬሳ ፍለጋ ዳይስ መወርወር ጀመረ። ቢወረውር፣ ቢወረውር የሚያስገኛት ቁጥር ስላልወጣ አልተገኘችም።

«ካልተገኘች አልሞተችም» አሉና እትዬ ኑርሀያት የቀዘቀዘውን ዓሣ መለሱልን።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ ሊያልቅብኝ ነው፤ እናትሽን ሳሚልኝ። አንቺንም ግን አልማርኩሽም። «ሥራ በዛብኝ» ብለሽ ቀርተሽ የማያውቁሽን ሴትዮ ልታስለቅሺ ነበር። ቅዳሜ ስንመለስ ወንበርሽ ላይ ካላገኘሁሽ፣ ቀስተኛሽን እኔው ራሴ አሰምጣታለሁ። ያን ጊዜ ፈላጊም የላትም።

ሽታው