ስለ ረሂማና በጫማ ስለተረገጡት ብልቃጦች ለኬላው ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ኢንስፔክተር ገበየሁ፣
በመርሳ መግቢያ ላለው ኬላ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የክንድዎን ብርታትና የጫማዎን ጥንካሬ እየጠየቅሁ፣ በወልድያ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆንኩት እኔ ደሳለኝ፣ ለጊዜው በግራ እጄ ስለምጽፍ የፊደሌን መንጋደድ ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ። አቤቱታዬን ያቀረብኩበት ቢሮ ሁሉ «ራሳቸውን ጠይቅ» ብሎ ወደ እርስዎ ስለመለሰኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መጻፉን መርጫለሁ።

አንደኛ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ከደሴ የመጣንበትን ሚኒባስ አስቁመው፣ እግሬ ሥር የነበረውን የበረዶ ሣጥን በራስዎ እጅ ስለከፈቱልኝ አመሰግናለሁ። ውስጡ የነበሩት ትንንሽ ብልቃጦች ለጥናታችን ስንጠብቃቸው የከረምን ፀረ እንግዳ አካላት ነበሩ። በሐብሩ ስኳር የያዛቸው ከሲታ ወጣቶች ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመው በረሃብ ተጎድቶ ነው ወይስ የገዛ ሰውነታቸው እየወጋው ነው የሚለውን በእነሱ ልንለይ ነበር። እርስዎ ግን ወረቀቱን አንብበው «ፀረ ምን?» አሉ። ፀረ ሰላምና ፀረ ልማት ሲያድን ለኖረ ሰው፣ «ፀረ» የሚል ነገር በበረዶ ታሽጎ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ ይገባኛል። ሣጥኑን አስፋልት ላይ ገልብጠው ብልቃጦቹን በጫማዎ ሲያደቅቋቸው፣ «ጌታዬ፣ የደም መመርመሪያ ነው» ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ለዚያች ቅጽበት ነው። የጠመንጃዎ ሰደፍ የፊት ጥርሶቼን ስላራገፈልኝ፣ ዳግመኛ ብልቃጥ እንዳላነሣም ቀኝ እጄን ረግጠው ስለሰበሩልኝ ነው።

ሦስተኛው የረሂማ ነው። ረዘም ቢል ይታገሱኝ።

ረሂማ የግራናው ነጋዴ የሐጂ አብዱልሐሊም ልጅ ነበረች፤ ሠርጓ የተቃረበ፣ ስኳር ከያዛቸው ወጣቶች አንዷ የሆነች ሳቂታ ልጅ። ለጥናቱ ደም እንድትሰጠን ስንለምናት «የምወልደውንም ይይዘው እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ?» ብላ ብቻ ክንዷን ዘረጋችልን። በዚያ ቀን ከደሴ ኢንሱሊኗን ይዛ ስትመለስ፣ ሙቀት እንዳያበላሽባት ከእኔ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው ነበርና፣ የእኔን ሲረግጡ የእሷንም ረገጡት። ከሚኒባሱ ዘላ ወርዳ «ወላሂ ያለሱ አልኖርም! የኔን ተዉልኝ!» እያለች እግርዎን ያዘች። እርስዎም በዚያው በያዘችው እግር ደረቷን መትተው አስፋልቱ ላይ ዘረሯት።

ከዚያ ኬላው ጀርባ ባለው የቆርቆሮ መጋዘን አብረን ታሰርን። በማግስቱ ታስመልስ ጀመር። «ውኃ፣ ውኃ» ትላለች። ትንፋሿ ሩጦ እንደመጣ ሰው ጠለቀ፤ አፏ የበሰበሰ ፍሬ ሸተተ። ቆርቆሮውን እየደበደብኩ «ስኳር አለባት፣ መርፌዋን ካላገኘች ትሞታለች!» ብዬ ስጮህ በሩን ከፍተው አዩዋት። ፊትዎ ላይ ድንጋጤ ነበር፤ ይህን አልክድም። «ስኳር ካነሳት ስኳር ስጧት» ብለው አዘዙ።

ስኳር የበዛበት ሻይ በጣሳ መጣላት። «አትጠጪው!» ብዬ ልነጥቃት ስዘልል፣ ሰዎችዎ ግድግዳው ላይ አጣብቀው ጎኔን በቡጢ እየደቁ ያዙኝ። ጠምቷት ነበርና እስከ ጭላጩ ጠጣችው። ደግማ ለመነች፤ ደገሙላት። ያንን ጣሳ እስካሁን በሕልሜ ልነጥቃት እየዘለልኩ እነቃለሁ። እኩለ ቀን ላይ ስሟን ብጠራ አልመለሰችልኝም።

ሐጂ አብዱልሐሊም ጀናዛዋን ሊወስዱ መጥተው «ልጄን ምን ገደላት?» ሲሉዎት፣ «ስኳሯ» ብለው መለሱ። ክቡርነትዎ በዚያ ቀን የተናገሩት እውነት ይህ ብቻ ስለሆነ በአክብሮት መዝግቤዋለሁ። ሽማግሌው ደረቷ ላይ የቀረውን የጫማዎን ምልክት ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆይተው፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ማንም እንዳይረዳቸው በእጃቸው ከልክለው፣ ብቻቸውን ተሸክመዋት ወጡ። እኔን የፈቱኝ ከቀብሯ በኋላ ነው፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

በግርማ ሞገስዎ ፊት አልፌ እስካሁን መተንፈሴ እኔኑ የሚያስደንቀኝ፣ በየደረስኩበት ስምዎን ከነማዕረግዎ ሳልጠራ የማልውል፣

ደሳለኝ
ወልድያ፣ ፳፻፱ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት ወላጅ እናትዎ ለምርመራ መጥተው ነበር። በግራ እጄ ደማቸውን ስቀዳ አገጬን ዳሰስ አድርገው «ማነው እንዲህ ያደረገህ? ልጄ ገበየሁ መርሳ ኬላ ላይ ትልቅ ሹም ነው፤ ንገረኝና ያስይዝልሃል» አሉኝ። ስማቸውን ብልቃጡ ላይ ጻፍኩላቸው። ውጤታቸው ስኳር ሆኖ ኢንሱሊን ታዞላቸዋል፤ ሰኞ ሲመጡ በበረዶ አሽጌ እሰጣቸዋለሁ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በየት በኩል እንዲያልፉ ልምከራቸው?