ለቅሶን በስልክ ላስደረሱልን የእድራችን ሊቀመንበር

ይድረስ ለክቡር አቶ ታምሩ፣
በታቦር የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ከእጅዎ ለማይለየው ስልክዎም የማያልቅ ባትሪ እየተመኘሁ፣ እኔ ባለፈው ወር እናቴን ወይዘሮ ፅጌን ያጣሁት ሊድያ አምሳሉ ይህን ደብዳቤ በእድሩ ቤት በር ላይ ለጥፌዋለሁ። በቴሌግራም ግሩፓችን ያልጻፍኩት፣ እዚያ ብጽፈው የሻማ ምልክት ይደረግበትና በዚያው ያልቃል ብዬ ፈርቼ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። ጡሩምባውን አስቀርተው እድሩን ወደ ስልክ ስላሸጋገሩልን፣ ጎረቤቶቻችን የእናቴን ሞት ከአልጋቸው ሳይወርዱ ለመስማት በቅተዋል። ቀብሩንም በቀጥታ ስላስተላለፉልን ከቀባሪው ተመልካቹ በልጧል። የምዘረዝራቸው ጥቃቅን ቅሬታዎች የእድሩን ዘመናዊነት ለመንካት የታሰቡ አይደሉም።

አንደኛ፣ «ሐዘንተኞችን በመጨናነቅ እንዳናስቸግር አባላት ሐዘናቸውን በግሩፑ ይግለጹ፤ የሻማ ምልክት የጫነ እንደተገኘ ይቆጠራል» የሚለው ማስታወቂያዎ በሚገባ ሠርቷል። ማንም አላስቸገረንም። የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን ተክለው፣ ወንበሩን ደርድረው፣ ፎቶ አንስተው ከላኩልዎ በኋላ አባቴ አቶ አምሳሉ በባዶ ወንበሮች መካከል ሦስቱንም ቀን ተቀመጡ። ባጃጅ በበራችን ባለፈ ቁጥር እንግዳ መጣ ብለው ብድግ ይሉ ነበር። ባጃጁ ሳይቆም ሲያልፍ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ሁለተኛ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ እናቴን «ሁለተኛ እናቴ» ብለው እጅግ የሚያስለቅስ ረጅም ጽሑፍ፣ በልጃቸው ሠርግ ላይ አብረው ከተነሱት ፎቶ ጋር ለጥፈዋል። መልስ በመጣላቸው ቁጥር ስልካቸው ጢን ሲል በግድግዳው በኩል ይሰማን ነበር። እቤታችን ገብተው ቢያለቅሱ ይህን ያህል ሰው እንደማያይላቸው ይገባኛል፤ አልተቀየምኳቸውም ብል ግን ዋሸሁ።

ሦስተኛ፣ የእድርተኛችን የአቶ ሙክታር ወንድም የሞቱ ጊዜ አባቴ ባህል አዳራሽ አጠገብ እስካለው ለቅሶ ቤት ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ አግዳሚ ተሸክመው፣ ድንኳኑ እስኪነሳ ተቀምጠው ሲመለሱ «ቀሪ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጠበቃቸው። ባለ ቁልፍ ስልካቸው ሻማ አያወጣማ። ያን ጊዜ ስቀን ነበር፤ እሳቸውም ስቀዋል።

አራተኛውን እንደሌሎቹ አሳጥሬ መጻፍ አልሆነልኝም። ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ አባቴ ይጽናኑ ብዬ የግሩፑን መልእክት አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ስም በሰሙ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ስጨርስ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ወዴት አገር ሄደው እንደሆነ ጠየቁኝ። የትም እንዳልሄዱ፣ እዚሁ ታቦር እንዳሉ ነገርኳቸው።

«እዚህ እያሉ ካልመጡማ ተቀይመውኛል። ሊድያ፣ ምን በድያቸው ነው?» አሉኝ።

ጊዜው ተለውጧል፣ ሰውም ሥራ በዝቶበታል ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። አልገባቸውም፤ ስናገረው ለእኔም አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ ሥራቸው በደላቸውን መፈለግ ሆኗል። በቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ፣ በአጥር ወሰን ላይ ድሮ የተናገሩትን ቃል ሁሉ እያነሱ ይመረምራሉ። እህል አልበላ ብሏቸው ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል። ይባስ ብለው ሰፈሩን ይቅርታ የሚጠይቁላቸው ሦስት ሽማግሌዎች መርጠው፣ ቅዳሜ ወደ እርስዎ ሊልኩ ወስነዋል። ሐዘንተኛ ሽማግሌ የሚልክበት የመጀመሪያው የእድር ሊቀመንበር ሳይሆኑ አይቀሩምና እንኳን ደስ አለዎት።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዴ እዚህ ላይ አለቀብኝ። እለምንዎታለሁ፣ ሽማግሌዎቹን «ቅሬታ የለንም» ብለው እንዳይመልሷቸው። እውነቱ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አባቴ ማንም ሳይቀየማቸው እንዲሁ እንደተረሱ ከሰሙ የሚተርፉልኝ አይመስለኝም። አንድ በደል ይፍጠሩላቸው። ቦዩን ዘግተውብናል ይበሉ፣ በስብሰባ ላይ ተሳድበዋል ይበሉ፣ የፈለጉትን ይበሉና ከዚያ ይቅር ይበሏቸው። ይቅር የተባለ ሰው ምሳውን ይበላል። እናቴን ገና አሁን ነው የቀበርኩት፤ እሳቸውን ለመጨመር አቅም የለኝም።

ያስደረደሩልንን ወንበሮች ሰው ሳይቀመጥባቸው ንጹሕ እንደሆኑ በመለሰልዎ ቤተሰብ ስም፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ሊድያ አምሳሉ
ታቦር፣ ሀዋሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ስወጣ ከሦስቱም ሽማግሌዎች መልእክት ደረሰኝ። በእርቁ ሐሳብ በጣም እንደሚስማሙ፣ በጸሎት ከእኛ ጋር እንደሆኑ፣ ቅዳሜ ግን እንደማይመቻቸው ገልጸው የተጣመሩ እጆች ምልክት ልከውልኛል። ለአባቴ ስነግራቸው «ግድ የለም፣ ራሴ እሄዳለሁ» አሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ወደ እርስዎ የሚመጡት ብቻቸውን ናቸው፤ እንዳያነቡት ይህን ወረቀት አስቀድመው ከበሩ ያንሱልኝ። ሲያንኳኩ ቀስ ብለው ነው፤ ይሰማዎት ዘንድ የስልክዎን ድምፅ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ።