በሦስት ታፔላ የታጠረው ኩሬ

ለጥቁር ውሃ የእርሻ፣ የጤናና የምህንድስና ኢንስቲትዩት
ለክቡር ፕሬዚዳንት
መርሳ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ እንደምን ሰነበቱልን? ባለፈው የከፈቱት ጉባኤ ላይ ከሩቅ እንዳየሁዎ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ፊትዎ ጤና የሞላበት ነበር። መኖሪያዎ ወልድያ ዳገቱ ላይ ስለሆነ ትንኝ እዚያ ድረስ ለመውጣት አቅም ያጥራታል፤ ይህንኑ ጤና አላህ ያዝልቅልዎ።

እኔ ኢብቲሳም ኢዘዲን እባላለሁ። በኢንስቲትዩትዎ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ወልድያ ቢሆንም ተወልጄ ያደግሁት ከመርሳ ዝቅ ብላ ባለችው በጨፌ መንደር ነው፤ እህቴም እስካሁን ልጆቿን እዚያው ታሳድጋለች። ደብዳቤዬን በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባሁት አቤቱታ ለየትኛው ትምህርት ክፍል እንደሚመራ ስላልታወቀ፣ እስከ ዛሬ ከቢሮ ቢሮ ጉዞ ላይ በመሆኑ ነው። የምጠይቅዎ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በጨፌ ኩሬ የታችኛው ማስወጫ በር ላይ ያስገቡት ጓጉንቸር ይከፈትልን። ለምን እንደሚከፈት ግን ማስረዳት ሊኖርብኝ ነው መሰለኝ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ። ተቀላቅለው ቢደርሱዎ የትኛው የማን እንደሆነ የሚለይ ኮሚቴ ማቋቋም ግድ ስለሚሆንብዎ፣ ያንን ድካም ልቀንስልዎ ብዬ ነው።

1ኛ፦ በመጀመሪያ ለሦስቱ ታፔላዎች ያለኝ ምስጋና ይድረስዎ። የምህንድስና ባልደረቦቻችን ከወንዝ በጠለፉት ውሃ ሌሊት የሚሞላ፣ ቀን ከላይኛው ቦይ ለመስኖ የሚለቀቅ ኩሬ ለጨፌ ሠሩና ታፔላ ተከሉ። የእኛ የጤና ክፍል በመንደሩ ወባ በረታ ብሎ አጎበር አደለና ታፔላ ተከለ። የእፅዋት ሳይንስ ክፍልም የሽንኩርት ችግኝን ከተባይ ስለመጠበቅ ሥልጠና ሰጠና የራሱን ታፔላ በሁለቱ መሐል አስገባ። ሦስቱም ከወፍራም ላሜራ የተሠሩ፣ ዝናብም ፀሐይም የማይበግራቸው ናቸው፤ ኩሬውን ከመንገድ ሆኖ ማየት ባይቻልም የኢንስቲትዩትዎን ስም ሦስት ጊዜ ማንበብ ይቻላል።

ሦስቱ ክፍሎች በሦስት መኪና፣ ተከታትለው መጥተው፣ ያንኑ ሰው እዚያው ጥላ ሥር ሰብስበው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁት። የመንደሩን የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት ሸህ አብዱልጀሊል ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠሩኝና፣ እንዳላፍር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ፣ በመካከላችሁ ደም አለ ወይ፣ ካለ አትደብቁን፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ዱዓ ተደርጎ የማይታረቅ ሰው የለም አሉኝ። እኔም ደም እንኳ የለም፣ የትምህርት ክፍል ነው እንጂ ብዬ መለስኩላቸው። ልዩነቱ አልገባቸውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አስረጂ ብባል አልችልም።

2ኛ፦ ስለ አቶ አያሌው ጉዳይ። አቶ አያሌው ከኩሬው ሥር ሽንኩርት የሚያለማ የጨፌ ገበሬ ነው። የእኛ ክፍል ለልጆቹ አጎበር ሰጠው፤ የእፅዋት ክፍል ደግሞ ችግኝህን ነፍሳት በማያስገባ ስስ መረብ ሸፍን አለው፣ መረቡን ግን አላመጣለትም። ሰውየውም የሁለታችንንም ትምህርት በሚገባ ስላዳመጠ አጎበሩን ከአልጋው ፈትቶ በችግኝ መደቡ ላይ ዘረጋው። በኢንስቲትዩትዎ ታሪክ የሁለት ክፍሎችን ሥራ ያቀናጀ የመጀመሪያው ሰው፣ በደመወዝ ዝርዝርዎ ላይ የሌለው አያሌው ነው።

ከዚያ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል፣ ምክንያቱም ሸላሚው እርስዎ ነበሩ። የእኛ ክፍል ሄዶ መደቡን ፎቶ አነሳና አጎበርን አላግባብ ስለመጠቀም ፖስተር ሠራ። የእፅዋት ክፍልም ያንኑ መደብ ፎቶ አንስቶ ስለ አርአያ አርሶ አደር ፖስተር ሠራ። በምርምር ሳምንት ሁለቱ ፖስተሮች በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት ተሰቀሉ። ክቡርነትዎ ለአንዱ የምስክር ወረቀት ሰጥተው፣ ዞር ብለው ለሌላው ሰጡ፣ ጭብጨባውም በሁለቱም ወገን እኩል ደመቀ። አያሌው በአንዱ ግድግዳ ጥፋተኛ፣ በሌላው ግድግዳ ጀግና ሆኖ ሳምንቱን ሲያሳልፍ፣ ልጆቹ ቤታቸው ያለ አጎበር ይተኙ ነበር። በዚያ ኮሪደር ያለፍን ምሁራን ሁሉ አንገታችንን ወደ አንድ ግድግዳ ብቻ አዙረን እንዴት እንዳለፍን ሳስበው እስካሁን ይደንቀኛል።

3ኛ፦ ስለ ሰርቪሱ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቅሬታ ሳይሆን የኀዘን መግለጫ ነው። በኢንስቲትዩትዎ ውስጥ ሐሳብ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሻገርበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠዋት ከወልድያ ወደ መርሳ፣ ማታ ከመርሳ ወደ ወልድያ የሚያመላልሰን የሠራተኞች ሰርቪስ ነበር። እዚያ ወንበር በማዕረግ ስለማይከፋፈል፣ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል፣ ማን አጠገብ እንደሚቀመጥም አይመርጥም።

አንድ ቀን ሰርቪሱ ሲሪንቃ ላይ ተበላሸና ሁላችንም ወርደን ከመንገዱ ዳር ቆምን። የመስኖ መሐንዲሱ ናትናኤል፣ እኔና የእፅዋት ሳይንስ መምህርቷ ኤደን አንድ ግራር ሥር ተጠለልን። ናትናኤል የሠራው ኩሬ ከተሞላ ጀምሮ አንድም ቀን ደርቆ እንደማያውቅ በኩራት አወራልን። ኤደን ሽንኩርት አብቃዮቿ በዚያው በማይደርቅ ውሃ እንደሚደሰቱ ነገረችን። እኔም ታዲያ ትንኙስ ከየት የሚመጣ ይመስላችኋል ብዬ ጠየቅሁ። የእሱ ኩራት፣ የእሷ ሽንኩርትና የእኔ በሽተኞች የአንድ ኩሬ ጉዳይ መሆናቸውን ያስተዋልነው፣ አንድ ሕንፃ ለዓመታት ከተጋራን፣ ታፔላም ጎን ለጎን ከተከልን በኋላ፣ ለተበላሸ መኪና ምስጋና ይግባውና እዚያ መንገድ ዳር ነው።

ሰርቪሱ እስኪጠገን ሥራውን ጨረስነው። የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ እጭ ይፈለፍላል፤ ስለዚህ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ኩሬው በየሳምንቱ እስከ ወለሉ መሟጠጥና መድረቅ አለበት። ናትናኤል የታችኛው ማስወጫ በር ስንት ሰዓት ተከፍቶ እንደሚያሟጥጠው ያውቅ ነበር፤ ኤደን ሽንኩርቱ የአንድ ቀን ጥም እንደማይጎዳው አረጋገጠች። የቀረንን ደግሞ ሸህ አብዱልጀሊል ጨረሱልን። ጁምዓ ድሮም የሚያጠጣ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ሐሙስ ተሟጦ፣ ሌሊቱን ውሃ ሳይገባበት፣ ጁምዓ ወለሉን ፀሐይ ይምታው አሉ። ጁምዓ የሚያጠጣው አያሌው ነበርና ተራውን ወደ ረቡዕ አዞሩለት፤ ኤደንም መረብ ስላመጣችለት አጎበሩ ወደ አልጋው ተመለሰ። በዚያ ወቅት ጨፌ ላይ ወባ ቀነሰ፤ ዙልፋ የምትባለው የእህቴ ልጅም ከትምህርት ቤት ሳትቀር ወቅቱን ጨረሰች።

እርስዎ ግን የሥራ ሰዓት ብክነትን ለመቀነስ በሚል ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱን ሰርቪስ መደቡ። ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አሁን ጠዋት ጠዋት የጤና ባለሙያዎች ለጤና ባለሙያዎች እጅ መታጠብ ጥሩ መሆኑን እየነገርን፣ ማንም ሳያስቸግረን መርሳ እንገባለን።

4ኛ፦ ስለ ዳይሬክቶሬቱ። የኩሬው መሟጠጥ በየትኛውም ክፍል የዓመት ዕቅድ ውስጥ አልነበረምና፣ ሪፖርት ሲጠየቅ ባለቤት ጠፋ። የእኛ ክፍል ውሃ አይመለከተኝም አለ፤ ምህንድስና ትንኝ አይመለከተኝም አለ፤ የእፅዋት ክፍል ደግሞ ደረቅ ኩሬ አላውቅም አለ። ይህን ክፍተት ለመሙላት ክቡርነትዎ የዘርፈ ብዙ ትስስርና የሐሳብ ልውውጥ ዳይሬክቶሬትን አቋቋሙልን፤ ባነር ተሰቀለ፣ ኮፍያ ታደለ፣ እርስዎም ስለ መተሳሰር ረጅም ንግግር አደረጉ። የዳይሬክቶሬቱ የመጀመሪያ ሥራ፣ የጋራ መመሪያ እስኪጸድቅ ድረስ የኩሬው በር እንዲቆለፍና ቁልፉ በእርስዎ ቢሮ እንዲቀመጥ መወሰን ነበር። መመሪያውን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ደግሞ ሰብሳቢው ከየትኛው ክፍል እንደሚሆን አልተስማማም ይባላል።

እነሆ ጥቅምት ገባ። ወባ ጥቅምትን እንደምትወድ ለማወቅ የጤና ክፍል ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ኩሬው በሩ ከተቆለፈ ወዲህ ተሟጦ አያውቅም። ዙልፋ ታመመች፤ ታክማ ዳነች ስንል እንደገና ወደቀች። ትናንት ግንባሯ ላይ እጄን ሳሳርፍ ይፋጅ ነበር፤ እናቷም እናንተ ያን ኩሬ ትከፍቱት አልነበረም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ክቡርነትዎ፣ የጀመርኩትን የትሕትና አጻጻፍ ለመጠበቅ የምችለውን ያህል ሞክሬአለሁ፤ እዚህ ላይ ግን በግልጽ ልናገር፣ ተናድጃለሁ። የማውቀውን መድኃኒት በጓጉንቸር ዘግተውብኝ ልጅ እንዳስታምም አድርገውኛል።

5ኛ፦ ባለፈው ሳምንት ከተመደብኩበት የሙያ መስክ ውጭ አስተያየት እንዳልሰጥ ግዴታ ፈርሜ እንዳስገባ ታዝዣለሁ። አልፈርምም። ይልቁንስ በቅድሚያ ትንኟን እንዲያስፈርሙልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እሷ በምህንድስና ውሃ ትፈለፈላለች፣ በእፅዋት ሳይንስ ሽንኩርት መሐል ታርፋለች፣ ማታ ደግሞ ወደ ጤና ክፍል በሽተኞች ትሄዳለች፤ ሦስቱንም ክፍሎች ያለ መግባቢያ ሰነድ የምትጎበኝ ብቸኛዋ ባልደረባችን ናት። ግዴታውን እሷ ከፈረመችልዎ እኔም በማግሥቱ ብዕር ይዤ እመጣለሁ።

እስከዚያው ድረስ እኔ፣ ናትናኤልና ኤደን ከየሰርቪሳችን ወርደናል። በሕዝብ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ከሐራ ገበያ በሚመለሱ ሰዎች ማዳበሪያና ጆንያ መሐል ተጣብበን አብረን እንመላለሳለን፤ ስለ ጨፌ ብቻ ሳይሆን ስለ ሌሎች ኩሬዎችም እንነጋገራለን። ከደመወዛችን የሚቀጣ ካለ ይቅጣ፣ ከሥራ የሚያግድም ካለ ያግድ። አብረን መቀመጣችንን ግን አንተውም።

በእፅዋት፣ በጤና፣ በምህንድስናም ወገን ላሉ ልጆችዎ ሁሉ እኩል አባት ለሆኑት፣ ሦስት ሰርቪስና አንድ ቁልፍ በእጃቸው ላለ ለክቡርነትዎ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ጥልቅ እንቅልፍና ያልተቀደደ አጎበር እየተመኘሁ፣ አክብሮቴን ደግሜ ደጋግሜ በመግለጽ እሰናበታለሁ።

ኢብቲሳም ኢዘዲን
ከተመደበችበት መስክ ውጭ
ጨፌ፣ ሀብሩ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስጨርስ ሸህ አብዱልጀሊል የውሃ ተጠቃሚዎችን ሰብስበው ነበርና፣ ውጤቱን ሳላሳውቅዎ ብቀር ነውር ይሆንብኛል። ጓጉንቸርዎን አንድም ሰው አልነካውም፤ እንደተቆለፈ ነው። የነቀልነው በሩን ነው። ከነጓጉንቸሩ በጋሪ ጭነን ግቢዎ በር ላይ አድርሰነዋል፤ ጥበቃዎቹ የየትኛው ክፍል ንብረት እንደሆነ ስላላወቁ አንቀበልም ብለዋልና በሞዴል 19 ገቢ ያስደርጉልን። ኩሬው በር አጥቶ እንዳይቀር ደግሞ ሦስቱን ታፔላዎች ከየተተከሉበት ነቅለን፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርበን በበሩ ቦታ አስገብተናቸዋል። ናትናኤል አይቶ አያፈስም ብሏል። ሦስቱ ክፍሎች አብረው ሲሠሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ በእጅ ብቻ ይነሣሉ።