አረንጓዴዋ ቮልስ በግፊ

ረቡዕ

በመጨረሻ ተነሳች። ካማው፣ የቮልሴ ፉንዲ (በስዋሂሊ መካኒክ ማለት ነው)፣ ካርቡራተሯን እንደገና አጥቦ ገጠመልኝና ቁልፉን ሳዞር የሰፈራችን የሁርሊንግሃም ሰው ሁሉ እስኪሰማ ተንኳኳች። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ካማውን በነዘይቱ አቀፍኩት። ሸሚዜ አልቆለታል።

እሁድ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ነው። ከባለቤቴ ከሰብለ ጋር ተጨባብጠናል፦ ቮልሷ በዳኞቹ ፊት በራሷ ተነስታ ከዞረች ትቀመጣለች። እምቢ ካለች ትሸጥና የኤሌክትሪክ መኪና እንገዛለን። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

ሐሙስ

የሰብለ ታናሽ ወንድም ዳንኤል ከአዲስ አበባ ገባ። ኤርፖርት ተቀብዬው ወደ ቮልሷ ስንደርስ ቀጥ ብሎ በቀኙ በር ገብቶ ተቀመጠ። እዚህ መሪው በቀኝ መሆኑን በመጣ ቁጥር ይረሳል። «እንግዲህ ንዳ» አልኩት።

የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ነዳጅ የለ፣ ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ እያለ ቤት ደረስን። «ጋሼ ጌቱ፣ ይቺን ቅርስ ለሙዚየም ስጣት» አለኝ። እህትየው ሳቀች። ሁለት ለአንድ ሆኑብኝ።

ዓርብ

መሃል ከተማ ጉዳይ ነበረኝ። ታክሲ ብጠራ የኤሌክትሪክ መጣ። እዚህ ላይ ብቻ እውነቱን ልጻፍ፦ ወደድኩት። ዳገቱን እንደ ሜዳ ነው የወጣው። ለዳንኤል ትንፍሽ አልልም።

የእኔ ፍርድ ይኸው።

ከጃፓን የመጣው ያገለገለው የቤታችን ሁለተኛ መኪና፦ ታማኝ። ቁልፍ ባዞርኩ ቁጥር ግን በጃፓንኛ ያናግረኛል፤ ይመርቀኝ ይርገመኝ እስካሁን አላውቅም።

የኤሌክትሪክ፦ ፈጣን፣ ጨዋ። ግን ኮፈኑን ከፍቶ ምን ይነካካሉ? ጎረቤት ምን ብሎ መጥቶ ያማክራል?

ቮልስ፦ በዝናብ ታፈሳለች፣ ዳገት ላይ ታጉረመርማለች፣ ሽታዋ ልብስ ላይ ይቀራል። እወዳታለሁ።

ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ስወለውል ዋልኩ። ዳንኤል እንኳ ጎማዎቹን አጠበልኝ። ሰብለ ወጥታ አየችን፤ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ጨርቅ ይዛ መጣችና መስታወቱን ጠረገች።

ጠዋት አንዴ ብቻ ሳትነሳ ቀርታ በሁለተኛው ተነሳች።

እሁድ

ይህን የምጽፈው አሁንም እየሳቅኩ ነው።

ወደ ሜዳው በሰላም ደረስን። እኔና ሰብለ ሌሎቹን መኪኖች ልናይ ስንዞር ዳንኤልን ጠባቂ አድርገን ተውነው። ሬዲዮኑን ከፍቶ ኳስ ሲሰማ ቆይቷል። ተራችን ተጠርቶ ቁልፉን ባዞር ቀጭ ብቻ። ባትሪዬን የጨረሰው ሌት ተቀን ስለ ባትሪ የሚሰብከኝ ሰው ነው።

አገር ቤት ቮልስ ሲቆም ሰው የሚያውቀው አንድ መድኃኒት ነው፦ በግፊ። ቦታው ወደ ዳኞቹ ድንኳን ቁልቁል ነው። ዳንኤል ሱፍ ለብሷል፣ ጫማውም አዲስ ነው፤ አዘንኩለትና «አንተ ግባና ንዳ፣ እኔ ልግፋ» አልኩት። ሮጦ በግራው በር ገባ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እየገፋሁ ምን አውቄ። ቮልሷ መንደርደር ስትጀምር ሰብለ «ዳኒ፣ መሪውስ?» ስትል ሰማሁ። ከፊቱ መሪ የለም። የሚይዘው ሲያጣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ቆመች፤ አንዷ ዳኛ ሻይዋን ይዛ ተነስታለች። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ዳኛዋም ሳቀች።

ከዚያ እኔ መሪውን ያዝኩ። ዳንኤል በነሱፉ ገፋ፣ ዳኛዋ ገፋች፤ በመስታወቱ ሳይ ሰብለም ጫማዋን አውልቃ እየገፋች ነው። ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ተነሳች። ጥቀርሻዋን በሰብለ ነጭ ቀሚስ ላይ ተፋችና ክላክስ እየነፋሁ ሜዳውን ዞርኩት። እንደዛሬ የተደሰትኩበትን ቀን አላስታውስም።

ነጥብ አልሰጡንም፤ በግፊ የተነሳ አይቆጠርም። ስምምነቱም «በራሷ» የሚል ነበር። ልንወጣ ስንል አንድ ወጣት ቀርቦ «ምዜ፣ ትሸጣታለህ?» አለኝ፤ ምዜ እዚህ ጋሼ እንደማለት ነው። ቃል ቃል ነው። እሺ ልለው ስል ሰብለ ቀደመችኝ።

«ይቅርታ፣ መኪናዋ የኔ ናት» አለችው በስዋሂሊ። «አልሸጥም።»

ቁልፉን ከእጄ ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እስካሁን አልመለሰችልኝም። ነገ ለመንዳት ማስፈቀድ ሊኖርብኝ ነው መሰለኝ።