ስለ እናትህ እግር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን
ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል

ለልጄ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ጤናህን አልጠይቅም እንዳልል ደግሞ የኖርንበት ልማድ በቀላሉ አይለቅም። እሺ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ትበላለህ? ይበርድሃል? በቃ፣ ጠየቅኩህ። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

ይህን የምጽፍልህ የታጠፉ አንሶላዎች ክምር ላይ ወረቀቱን አስደግፌ ነው። ትልቁ ማሽን ከኋላዬ እየተንደቀደቀ ነው፤ እሱ አጥቦ እስኪጨርስ ጊዜ አለኝ። ደብዳቤ መጻፍ አምሮኝ እንዳይመስልህ። ስልካችሁን ጉድጓድ ቆፍራችሁ እንደ ሬሳ ከቀበራችሁት ምን ላድርግ? በጩኸት ልጥራህ? የውሃ ቦቴው ሹፌር ነገ ጠዋት ምጽአትን ወደምትጠብቁበት ግቢያችሁ ውሃ ይዞ ይመጣል። በእጁ ካልሰጠሁት አልመለስም ብሎ ምሎልኛል።

ባለፈው ሳምንትም በእሱው ልኬብህ ነበር፤ በቃል። እናቱ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ ቶሎ ና በልልኝ ብዬ። በር ላይ የቆመው ሰው ምን ብሎ እንደመለሰው ልንገርህ? "ወንድማችን ዝምታ ላይ ነው፤ የሥጋ ወሬ አይነገረውም።" የሥጋ ወሬ! አንተን አርግዞ፣ ወልዶ፣ አጥብቶ ያሳደገ ሥጋ ነው እኮ! ሹፌሩ ራሱ አፍሮ፣ ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ስለዚህ የሥጋውን ወሬ እኔ ልንገርህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ለመሄድ ስትነሳሳ ቤታችንን ምን እንዳደረግከው ታስታውሳለህ። ያ ባለ ድምፅ ማጉያ ሰውዬ (ነቢይ እንዳልለው ምላሴ ይተሳሰራል፤ ጎማ ሲሸጥ ነው የማውቀው) የጨለማው ዘመን ደጃፍ ላይ ነው፣ መብራት የለመደ ያን ጊዜ አይጸናም፣ ከአሁኑ ጨለማ ተለማመዱ ብሎ አወጀ። ሌላው ተከታይ ምን አደረገ? አምፖሉን አጥፍቶ ሻማ ገዛ። ሲደብረው መልሶ ያበራል። አንተ ግን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነሃ! ነገር በግማሽ መተው የት ታውቃለህ። መሰላልህን አቁመህ፣ በገዛ እጅህ የዘረጋኸውን ሽቦ ከኮርኒሱ ጀምረህ እስከ መጨረሻዋ ሶኬት ነቀልከው። ጠቅልለህ አስረህ ጥግ አስቀመጥከው። መብራታችሁ የበራ ይሁን ተባለ እንጂ ሽቦውን ንቀሉ ያለው ማን ነው? ይህን ያኔ ብልህ "አንቺ አይገባሽም" አልከኝ። እውነትህን ነው፤ አሁንም አልገባኝም።

ሽቦውን ግድግዳ ላይ የሚይዙት ባለ ሚስማር ትንንሽ ነጫጭ ፕላስቲኮች አሉ አይደል? አንዷ ከእናትህ አልጋ ሥር ወድቃ ቀርታ ነበር። መብራት ቢኖር ማንኛችንም እናያት ነበር። እናትህ ደግሞ ስኳሩ እግራቸውን ካደነዘዘው ቆይቷል፤ ይህን ከእኔ በላይ ታውቃለህ፣ የእግራቸውን ውሃ ሙቀት በክንድህ ለክተህ የምታቀርብላቸው አንተ ነበርክ። እንግዲህ ከአልጋ ሲወርዱ ሚስማሯን ረገጧት። አልተሰማቸውም። እሷኑ ተረከዛቸው ውስጥ ይዘው ቤት ውስጥ ሲንጎራደዱ ዋሉ። ልጅህ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ነው ያየችው። "አያቴ፣ ወለሉ ላይ ምን ደፋሽ?" አለች። ደም ነበር።

እኔ ነኝ በሻማ ብርሃን የነቀልኳት። እናትህ ሚስማሯን ከእጄ ተቀብለው አዩዋትና "የልጄ ዕቃ ናት፤ አስቀምጪለት፣ ሲመጣ ይፈልጋታል" አሉኝ። አልተቆጡህም። ለዚያ ነው እኔ የእሳቸውንም ድርሻ ጨምሬ የምቆጣህ።

ቁስሉ እምቢ አለ። ፍሪጁ ሬሳ ሆኖ ስለቆመ መድኃኒታቸውን ጎረቤት እናስቀምጥ ነበር፤ ጎረቤታችን በሯን ቆልፋ የወጣች ቀን መርፌው ይቀራል። ተረከዙ ጠቆረ፣ ከዚያ ጣቶቹ ተከተሉ። ሽታውን እኔ ከዚህ ከማጠቢያ ክፍል አውቀዋለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ሲሸተኝ ጮኬ ጎረቤት ጠራሁ። ሁለት ሰው ሆነን ተሸክመን እዚህ አመጣናቸው።

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ግን ነገር አታሽሞነሙንም። "እማማ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ቆርጠን እናድንዎት። ከቆየን ጉልበት ይደርሳል። ከዚያም ካለፈ እኔ የማደርገው ነገር የለም" አለቻቸው።

እናትህ ቀሚሳቸውን እግራቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ "አይሆንም የኔ ልጅ" አሉ። "በዚያ ቀን ሙሉ ሆኜ ነው የምነሳው። ሰውነቴን ለቢላ እንዳልሰጥ ልጄ ነግሮኛል።"

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ "ልጃቸው ሐኪም ነው?" አለችኝ። "መብራት ይሠራ ነበር፤ አሁን ጨለማ ይሠራል" አልኳት።

እስቲ ንገረኝ፣ ይህን በእናትህ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ፣ እጃቸውን ይዘህ፣ አንጀታቸው ውስጥ ስትከተው ምን እያሰብክ ነበር? ያ ሰውዬ ቢላ የነካው ሰውነት ወደ ሰማይ አይነጠቅም አለ አይደል? የእሱ የፊት ጥርሶች ጥርስ ሐኪም የሠራለት አይደሉም እንዴ? እነሱን የት ሊያስቀምጣቸው ነው? ለመሆኑ ከአፈር ሙሉ ሰው ያበጀ አምላክ አንድ የአሮጊት እግር ይቸግረዋል? ባሕር ውስጥ የቀሩትን፣ እሳት የበላቸውን ከየት ሰብስቦ ሊያስነሳቸው ነው? ከእናትህ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ክንዷን በማሽን ያጣች ሴት ተኝታለች፤ ቀኑን ሙሉ ትጸልያለች። ሂድና አንቺ ቀርተሻል በላት። በግራ እጇ ነው በጥፊ የምታልስህ።

አማኝ አይደለሽም ብለኸኝ ነው የወጣኸው። ስማኝ፣ እኔም በምጽአቱ አምናለሁ። ይመጣል። አንዳንድ ቀን ይህ ሁሉ የቆሰለ አንሶላ ሲመጣልኝ፣ ዛሬውኑ በመጣ እላለሁ። ግን ሁለት ሴቶች ይፈጫሉ፣ አንዷ ትወሰዳለች ነው የተባለው። የተወሰደችው እኮ እየፈጨች ነበር! ወፍጮዋን ሸጣ፣ የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ተኮልኩላ ሰማይ ሰማይ ስታይ አልነበረም። እኔን ሲመጣ አንሶላ እያጠብኩ ቢያገኘኝ አላፍርም። አንተን ግን እናትህን የት ተውካት ብሎ ቢጠይቅህ፣ ዝምታ ላይ ነበርኩ ልትለው ነው?

እኔ እዚህ የዓለም መጨረሻ በየቀኑ አያለሁ። ጠዋት ጋሪው ሲመጣ አንሶላው ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ፣ ትራሱም አብሮ ከመጣ፣ የዚያ አልጋ ሰው ዓለም አልቋል ማለት ነው። ሳራግፈው አንዳንዴ የልጅ ካልሲ ይወድቃል፣ አንዳንዴ የንባብ መነጽር። ለእነሱ ማንም በድምፅ ማጉያ አላስጠነቀቀላቸውም። የተዘጋጁት አጠገባቸው ሰው የነበራቸው ናቸው፤ ይህን ከአንሶላው አውቃለሁ፣ ጫፉ ላይ ሰው ተቀምጦበት የተጨማደደ ነው። የእናትህ አንሶላ ጫፍ የተጨማደደው በእኔና በልጅህ ነው። አንተ የለህበትም።

ሰው ምን እንደሚል ልንገርህ? ልብስ መተኮሻው ላይ የምትሠራው ጓደኛዬ፣ ያቺ ሳቂታዋ፣ "ባልሽ ሰማይ ቤት መብራት ሊዘረጋ ነው አሉ፤ እዚያም መብራት ይጠፋል እንዴ?" አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ የእንፋሎቱ ክፍል ገብቼ ሌላ ነገር አደረግኩ። እዚያ ውስጥ የሁሉም ሰው ፊት እርጥብ ስለሆነ ማንም አያውቅብህም።

ልጅህ ስምህ ሲነሳ ከክፍል ትወጣለች። ፈተና ደርሶባታል። ጎረቤት ደጃፍ ላይ፣ በረንዳው አምፖል ሥር ቁጭ ብላ ነው የምታጠናው። የመብራት ሠራተኛ ልጅ! ባለፈው "አባዬ እኛ ስንቀር ያየናል ወይስ ዞሮ አያይም?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ድስቱን ማማሰል ጀመርኩ። ባዶ ድስት።

ይኸው ተናድጄም ቢሆን ወፍራሙን ጃኬትህን በሹፌሩ ልኬልሃለሁ። ግቢያችሁ ነፋሻማ ነው ሲል ሰምቼ ነው። የተቀደደውን ክንዱን ሰፍቼዋለሁ። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፤ ሳልሰፋው ብልከው ሰው እኔን ነው የሚያማው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ዛሬ ጠዋት ዋሸሁ።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አስቁማ "ሐሙስ ጠዋት ካልተቆረጠ ጉልበቱንም አናተርፍም" አለችኝ። ጋሪዬን እዚያው ትቼ ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና "እማማ፣ ሹፌሩ ልጅዎን አግኝቶት ነበር" አልኳቸው።

ከትራሱ ቀና አሉ። "ምን አለ?"

"እግሯን ትቆረጥ፣ እኔ ነኝ ያልኩት በሏት ብሏል።"

"በራሱ አፍ?"

"በራሱ አፍ።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ስዋሽ ጆሮዬ እንደሚቀላ ታውቃለህ፤ እሳቸውም የሚያውቁ ይመስለኛል። ብቻ "እሱ ካለ እሺ" አሉና አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አድርገው ወረቀቱ ላይ አተሙ። ሐሙስ ጠዋት ይገባሉ።

አልጸጸትም። እንድጸጸትም አትጠብቅ። በአንተ ቃል ታስረው ነበር፣ በአንተ ቃል ፈታኋቸው። ቃሉን አንተ ስላልላክህልኝ እኔ ሠራሁት። ቢፈረድብኝም አብረን ነው የምንቆመው፤ ማን መጀመሪያ እንደዋሻቸው ያኔ ይለያል።

ግን ያላሰብኩት ነገር መጣ። ካተሙ በኋላ ነርሷን ማበጠሪያ ለመኗት። ያን ሳሳ ያለ ፀጉራቸውን ራሳቸው አበጠሩ። አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሰው ሊወስድ ሲመጣ "ተወው፣ ልጄ ይቀመጥበታል" አሉ። እኔ ደንግጬ "እማማ፣ ይመጣል አላልኩም እኮ" ስል ሳቁብኝ። "አንቺ ደግሞ! ትቆረጥ ካለማ ልቡ ተመልሷል። ልቡ የተመለሰ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? መንገድ ላይ ነው" አሉኝ። ጎረቤታቸው፣ ባለ አንድ ክንዷ ሴት፣ እንኳን ደስ አለዎት አለቻቸው። ክፍሉ ሁሉ አንተን ሊያይ ተዘጋጅቷል።

ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር አንገታቸው ይነሳል። መድኃኒት የሚያዞረው ሲገባ፣ ጽዳቷ ስትገባ፣ እኔ ስገባ። እኔ መሆኔን ሲያዩ ፈገግ ይላሉ፤ ግን ከኋላዬ ያያሉ።

ነገ ሹፌሩ ውሃውን አራግፎ ሲመለስ ገቢናው ውስጥ አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ አለ። ለእኔ ብለህ አይሁን። ለልጅህም ይቆይ፣ እሷ በራሷ ቋንቋ ትቀበልሃለች። ግን ሐሙስ ጠዋት ወደዚያ ክፍል ሲገፏቸው አጠገባቸው ቁመህ፣ የእኔን ውሸት በአፍህ እውነት አድርግልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ፈጣሪ ልብህን ይመልስልኝ፣ እግርህንም አብሮ። ልጅህ በእኔ በኩል እንደሳመችህ ቁጠረው፤ የእኔን ስትመጣ አስብበታለሁ።

ማሽኑ ቆሟል፤ አንሶላዎቹ ይጠብቁኛል። ቅድም ልወጣ ስል እናትህ እጄን ያዙኝና "ለመሆኑ መቼ ነው የሚመጣው?" አሉኝ።

"ቀኑንም ሰዓቱንም አላውቅም፣ እማማ" አልኳቸው።

"እንግዲያው አልተኛም" አሉ።

ሚስትህ፣
የልጅህ እናት