ያቃጠልሁት ደብተርህ

ወንድምዓለም፣

ከተለያየን ዓመት ከአንድ ወር ሆነ። ሙት ዓመትህ ሳይደርስ ልጽፍልህ ነበር፤ ፈራሁና ተውሁት። አሁንም እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

እኛ እዚያው ዓባይ ማዶ አለን። አጥሩን አሳድሰናል፣ ባጃጆቹም በራችን ላይ ጡሩንባ መንፋት አልተዉም። እማዬ ግን ከስታለች። መንገዱ ተዘግቶ፣ ጀልባም ጠፍቶ፣ ጎርጎራ ላይ ወባ እንደገደለህ በሰው በሰው ነው የሰማነው። ሄዳ አለመቅበሯ እስከ ዛሬ አልወጣላትም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቁጭ ትልና የልጄን የአዲሱን ደብተር አንብቢልኝ ትለኛለች።

ፔዳ ሰፈር ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጩ የገዛኸው መጽሐፍ ትዝ ይልሃል? የሁለቱ አይሁዳውያን፣ የወንድምና የእህት ማስታወሻ። ልጆች ሳሉ በድመት ተጣልተው አንዱ ሌላውን በየደብተሩ ሲከስ እንዴት ያስቀን ነበር! ከዚያ ናዚዎች መጡ። ከትምህርት ቤት ተባረሩ፣ ሰው ጎተራ ውስጥ ተደበቁ፣ ወንድምየው ተወስዶ ሳይመለስ ቀረ። እህትየው ከጦርነቱ በኋላ የሱን ደብተር ስትገለብጥ፣ እርጥበት ያጠፋውን መስመር ሁሉ ባዶ ተወችው። ታውቀው የለ፣ ለምን አትሞላውም ብዬ ስሟገትህ፣ የሱ ስለሆነ ነዋ አልኸኝ። አልገባኝም ነበር።

እኛም ሰፈር ተኩስ ሲበረታ ሁለት ደብተር ገዝተህ መጣህ፤ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የኔ። የኔው ስለ ዝናብና ስለ ውኃ መጥፋት ያወራል። አንተ ግን ዶሮ በጫረው ጽሕፈትህ ማን እንደታሰረ፣ ማን እንዳለቀሰ ከነስሙ ጻፍህ። ልታስተምር ወደ ጎርጎራ ስትመለስ አደራ ብለህ ሰጠኸኝ።

አቃጠልሁት። ፍተሻ መጣ ተባለና ጎረቤቱ ሁሉ ወረቀት ሲያቃጥል፣ እኔም እየቀደድሁ ከሰል ምድጃው ውስጥ ጨመርሁት። ሽሮ ጥጄበት ነበር፤ ምሳ በላነው። ፈታሽ እኛ ቤት አልመጣም። አንተም ወር ሳይሞላ አረፍህ።

ለእማዬ የማነብላት እንግዲህ የራሴን ደብተር ያንተ አስመስዬ ይዤ ነው። ስለሷ ጻፍህ እያልሁ ከልቤ እፈጥራለሁ፤ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ድገሚልኝ ትላለች። የፈጠርሁትን ስለምረሳው ሌላ እፈጥራለሁ። ባለፈው እሁድ ግን ትክ ብላ አየችኝና፣ «አዲሱ እኮ እንዲህ አያቆላምጠኝም ነበር» አለች። ደብተሩን ዘግቼ ጓዳ ገባሁ። ልጇን ሁለት ጊዜ የነሳኋት መሰለኝ።

ነገ እሁድ ነው። አዲስ ደብተር ገዝቼ ካንተ ጽሑፍ ያስታወስሁትን ልጽፍ ተቀመጥሁ። እየሳቅህ ያነበብህልኝ አንድ ነገር ብቻ መጣልኝ፦ ተኩሱ ሲቀርብ እማዬ አንተን፣ ጺማሙን መምህር፣ ጎትታ አልጋ ሥር ከትታህ፣ እሷ በሩን ይዛ መቆሟ። ሦስት መስመር ሆነ። የቀረውን ባዶ ተውሁት።

ነገ ማቃጠሌን እነግራታለሁ። ከዚያ ሦስቱን መስመር አነብላታለሁ፤ ባዶው ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ። ትረግመኝም እንደሆነ ትርገመኝ፣ አንተ ግን ይቅር በለኝ።

አልረሳህም፣ ወንድምዓለም። የረሳሁትንም አልሞላውም።

እህትህ